መደበቅ ማጥፋት አይደለም፦ ከሰዓቱ ጎን ስለተቀበሩት ምልክቶች

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ሆለታ፣ ጌዶ ወይም ባኮ፣ ከፈለጋችሁት ከተማ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ግቡና የኮምፒውተሩን ስክሪን ተመልከቱ። ከታች በቀኝ በኩል፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ተጫኗት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህን ነው፦ ቀይ ምልክት የተለጠፈበት የጸረ ቫይረስ ጋሻ፣ ሪስታርት አድርጉኝ እያለ የሚለምን ማሻሻያ፣ በሥርዓት እስኪነቀል የሚጠብቅ የሰው ፍላሽ፣ ማንም ሳይከፍተው ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚጎትት ዋንድራይቭ።

ይህን ሁሉ ከቀስቷ ጀርባ መክተት በከተሞቻችን "ኮምፒውተር ማጽዳት" ይባላል። ፎርማት አድርጉልኝ ብላችሁ ከሰጣችሁ፣ ሲመለስላችሁ ጥጉ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደንበኛውም "ንጹሕ ሆነ" ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። እኔ የምለው ግን ይህ ሥራ ጽዳት አይደለም፤ ቆሻሻውን ምንጣፍ ሥር መጥረግ ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ መቀበልም ነውር ነው።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ምልክቱን መደበቅ ፕሮግራሙን አያጠፋውም። የተደበቀው ፕሮግራም መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሜሞሪ ይበላል፣ ከስልክ በሆትስፖት የተከፈተውንም ፓኬጅ ይበላል። ከዚያ "ካርድ ሞልቼ ሳልጠቀምበት አለቀ" እያልን ቴሌን እንረግማለን። ዳታውን ማን እንደወሰደው የሚናገረው ምልክት ግን እዚያው ቀስቷ ውስጥ ታስሯል። በሌላ በኩል፣ የተደበቀው ማስጠንቀቂያ ከሆነ፣ አደጋው ባለበት ይቆያል፤ የቀረው እኛ ማየታችን ብቻ ነው። የሞተር መብራት ሲበራበት ዳሽቦርዱ ላይ ፕላስተር የሚለጥፍ የባጃጅ ሹፌር አይታችሁ ከሆነ፣ ነገሩ ያው ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የጠጋኞቻችን ብቻ ነው አልልም። ማይክሮሶፍት ራሱ መንገዱን ጠርጓል። ይህች ጥግ ከዊንዶውስ 95 ጋር በ1987 ዓ.ም. ስትመጣ ሁሉንም ታሳይ ነበር። ኤክስፒ በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ ሥራ የፈቱትን ምልክቶች መሸሸግ ጀመረ። ዊንዶውስ 7 ቀስቷን ተከለ፤ አዳዲስ ምልክቶችንም ከጀርባዋ ማሳደር ልማድ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ "ሁሉንም ሁልጊዜ አሳይ" የሚለውን አንድ ቁልፍ ጭራሽ አነሳው፤ አሁን እያንዳንዱን ምልክት አንድ በአንድ ማብራት ግድ ነው። አሠራሩ የታሰበው አንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር ይዞ፣ ፈጣን መስመር ላይ ተቀምጦ፣ ማሻሻያው በራሱ እየገባለት ለሚሠራ ተጠቃሚ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ግን በቀን ሃምሳ የሰው ፍላሽ ይሰካበታል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልምጣ፤ ክርክራቸው ባዶ አይደለምና። "ማስታወቂያ ሲበዛ ሰው ሥራው ላይ አያተኩርም" ይላሉ። እውነት ነው። የፕሪንተር ኩባንያ ቀለም ግዙ እያለ ሲወተውት፣ የጨዋታ ፕሮግራም በየደቂቃው ብቅ ሲል፣ ማንም ይሰለቻል። አንድ የኮምፒውተር ቤት ባለቤት ደግሞ እንዲህ ብሎኛል፦ "ወንድሜ፣ ደንበኛ ቀይ ነገር ሲያይ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ጎረቤት ይሄዳል።" ይህም ይገባኛል፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የሚያሰለቸውን ፕሮግራም መፍትሔው ከሥሩ ማጥፋት ነው። ቀዩን ምልክትም መፍትሔው ቀይ ያደረገውን ነገር ማስተካከል ነው። ሁለቱም በመደበቅ አይፈቱም።

ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እንይ። በመጀመሪያ ተማሪው ይከፍላል። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ በሐጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ወይም ጉደር በማሞ መዝምር ካምፓስ የሚማር ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ወደ ከተማ ይወጣል። ወረፋ አለ፤ ጸሐፊዋ ፈጥና ፍላሹን ትነቅለዋለች። በሥርዓት መንቀያው ምልክት ቀስቷ ውስጥ ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። አዋቂዎች "ዊንዶውስ 10 ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያው ወዲህ ፍላሽን በፈለጉት ጊዜ መንቀል ይቻላል" ይሉኛል። የሚቻለው ምንም ነገር እየተጻፈበት ካልሆነ ነው። ፋይሉ ገና እየተቀዳ ሳለ፣ ወይም ዎርድ ከፍላሹ ላይ ከፍቶት ሴቭ እያደረገ ሳለ ከተነቀለ፣ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። የአራት ወር ድካም "ፋይሉ አይከፈትም" በሚል አንድ መስመር ያልቃል። ልጁ ሌላ ቅጂ ከሌለው ማን ይክሰዋል?

ቫይረሱንም አንርሳ። ፎልደሮችን ሸሽጎ በቦታቸው ሾርትከት የሚተክለውን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ሌላ ፍላሽ እያለ ነው የሚዛመተው። በተሰበረ ቁልፍ ዊንዶውስ የሚጭኑ ጠጋኞች ክራኩ እንዲሠራ መጀመሪያ ጋሻውን ያጠፉታል፤ ከዚያ ጋሻው ቀልቶ እንዳያጋልጣቸው ምልክቱን ይደብቁታል። አንዱ የተያዘ ኮምፒውተር በገበያ ቀን ስንት ፍላሽ እንደሚበክል እናንተው አስሉት።

ጸሐፊዎቻችንም ይከፍላሉ። የምዕራብ ሸዋ ጸሐፊ በአንድ ቀን በቁቤም በፊደልም ትጽፋለች፤ ለወረዳው በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ። ኪይማንም ሆነ ፓወር ግዕዝ ምልክታቸውን የሚያስቀምጡት በዚያችው ጥግ ነው። ምልክቱ ሲደበቅ የትኛው ኪቦርድ እንደተከፈተ የምታውቀው ግማሽ መስመር በተሳሳተ ፊደል ከጻፈች በኋላ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በገጽ ለሚከፈላት ሴት ግን ትንሽ አይደለም።

ባለጉዳዩም ይከፍላል። የፋይዳ ወረቀት፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ሁሉም በእነዚህ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያልፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ይጠይቃል። ጋሻው ጠፍቶ ምልክቱ የተደበቀበት ኮምፒውተር በየትኛው መለኪያ ጥንቃቄ ይባላል?

"ይህ ሁሉ ማጋነን ነው" የሚል ካለ፣ 2009 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን አንድ የደኅንነት ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚያው ክፍተት ገብቶ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ መለሱ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነበረ። የተጎዱት ያላስገቡት ናቸው።

አሁን ደግሞ የእኛ ተራ ነው። ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ነጻ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የገቡት አሮጌ ላፕቶፖቻችን ይህን አያሟሉም። ኩባንያው ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚደርስ የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። መመዝገቢያው ግን ራሱ የማሻሻያው ገጽ ላይ ነው የሚወጣው። ማሻሻያውን ያጠፋ፣ ምልክቱን የደበቀ ሰው ይህን ዕድል እንዴት ብሎ ያየዋል?

ስለዚህ የሚደረገው ይህ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

1. በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ታስክባር ግቡና "አዘር ሲስተም ትሬይ አይከንስ" የሚለውን ክፈቱ። በዊንዶውስ 10 እዚያው ታስክባር ውስጥ የትኞቹ ምልክቶች እንደሚታዩ የሚያስመርጥ ዝርዝር አለ። ሌላው መንገድ ቀስቷን ከፍቶ ምልክቱን በማውዝ ጎትቶ ማውጣት ነው።

2. እነዚህን አትደብቁ፦ የጸረ ቫይረሱን ጋሻ፣ የፍላሽ መንቀያውን፣ ማሻሻያውን፣ ኔትወርኩን፣ ኪቦርዱን፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን።

3. የሚያሰለቻችሁን አትደብቁት፤ አጥፉት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ "ስታርትአፕ" በሚለው ክፍል ውስጥ የማትፈልጉትን ዲሴብል በሉ። የማትጠቀሙበትን ደግሞ አንኢንስቶል አድርጉ።

4. በስልክ ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት፤ አብዛኛው ከባድ ማሻሻያ ሳትፈቅዱ አይወርድም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ ማሻሻያውን አስገቡ።

ለጠጋኞች አንድ ቃል አለኝ። ሙያችሁን አከብራለሁ፤ ያለ እናንተ እነዚህ ከተሞች አንድ ቀን አይውሉም። ነገር ግን ደንበኛ ኮምፒውተሩን ሲረከብ ቀስቷን ከፍታችሁ አሳዩት፤ "ይህ ጋሻ ነው፣ ይህ ሲቀላ ጥራኝ" በሉት። ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ታገኛላችሁ። ለትምህርት ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲው የአይሲቲ ክፍልም፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ ሲፒዩ ታሪክ ከመሸምደዱ በፊት ይህችን ጥግ ማንበብ ይማር።

አንባቢዎቼ፣ ነገ ፍላሻችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት "እስቲ ቀስቷን ተጫንልኝ" በሉ። ጋሻው ቀይ ከሆነ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ያያችሁትን ከታች ጻፉልኝ፤ የቤቱን ስም ግን ተዉት፤ የምፈልገው እንዲስተካከል እንጂ ማንም እንዲዋረድ አይደለም።