ጸጥታው ከማን ኪስ ይከፈላል?

ስለ ኤሌክትሮኒክስ ረቂቅ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ይህ የሊቃውንት ፈንታ ነው፤ ሠርቶ አደሩን አይመለከተውም» የሚል አመለካከት ሲሰነዘር እንሰማለን። ይህን አመለካከት አጥብቀን እንቃወማለን። ነዳፊው በስሌት ወረቀቱ ላይ የሚወስነውን ውሳኔ ዋጋ የሚከፍለው ባትሪ ገዢው ነውና።

እንደሚታወቀው፣ የዛሬ ራዲዮና የሞባይል ስልክ መቀበያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኦሲሌተር የተባለ፣ የራሱን ሞገድ ያለማቋረጥ የሚያመነጭ ክፍል አላቸው። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ባስገኘው ስልት መሠረት፣ ከአየር የሚመጣው ምልክት ከዚህ ሞገድ ጋር ተደባልቆ ለአያያዝ ወደሚመች ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል። ኦሲሌተሩ ካልረጋ ግን አጠገቡ ያለው ኃይለኛ ጣቢያ ደካማውን ይውጠዋል። እንዳይረጋ የሚያደርገውም በሙቀት ሳቢያ የሚርመሰመሱት የኤሌክትሮኖች ረብሻ ነው።

ረብሻውን ለመቀነስ ሁለት ዐበይት መንገዶች እንዳሉ ዴቪድ ሊሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ በቀመር አሳይቷል። አንደኛው የሞገዱን ኃይል መጨመር ነው፤ ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ረብሻው በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው የአስተጋቢውን፣ ማለትም የኮይሉንና የካፓሲተሩን ጥራት ማሳደግ ነው፤ ጥራቱ በእጥፍ ሲያድግ ረብሻው ወደ ሩብ ይወርዳል። የመጀመሪያው መንገድ ለነዳፊው ቀላል፣ ለባትሪው ግን ጠንቅ ነው። የራዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ዜና ያዳመጠ ሁሉ የትኛው መንገድ እንደሚበጀው ሊነገረው አያሻም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው መንገድ አልጋ በአልጋ አይደለም። የኳርትዝ ድንጋይ ጥራት በአሥር ሺዎች ሲቆጠር፣ በቺፕ ላይ የሚጠቀለል ኮይል ጥራት ብዙውን ጊዜ ከ10 እምብዛም አይርቅም፤ የብረቱ ንጣፍ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሲሊከንም ኃይል ይመጥጣል። ስለዚህ ነዳፊዎች ኮይሉን በወፍራሙ የላይኛ ንጣፍ ይሠራሉ፤ ሁለት ዓይነት ትራንዚስተሮችን አነባብረው አንዱን ጅረት ለሁለት ሥራ ያውሉታል። ከሁሉ በላይ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። ለብሉቱዝ የሚበቃው ጸጥታ ለሞባይል ስልክ ከሚፈለገው ያነሰ ነው፤ ከልኩ ያለፈ ጸጥታ መሥራት፣ በእኛ እምነት፣ ግልጽ ብክነት ነው።

ይህ ዕውቀት በጥቂቶች እጅ ታሽጎ የሚኖርበት ምክንያት እየሳሳ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጉግልና ስካይዋተር የተባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ባለ 130 ናኖሜትር ቺፕ መንደፊያ ሰነድ ለሁሉም በነፃ ከፍተዋል። ቺፑን ማስመረት አሁንም ገንዘብ ይጠይቃል፤ መንደፍና ማስላት ግን አንድ ኮምፒዩተር ካለ ይቻላል። በመሆኑም የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ራዲዮ መጠገን ብቻ ሳይሆን ኦሲሌተሩ ከባትሪው ምን ያህል እንደሚወስድ ማስላትም እንዲያስተምሩት እንጠይቃለን።