ያጉረምርም ተዉት

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ አክስቴ የበጉን የታፋ አጥንት ከበረንዳ ወደ ግቢው ወረወሩት። «ለሁለቱም ይድረሳቸው» ብለው። አጥንቱ ቡቺና ጃክ መሃል አረፈ።

ሁለቱ አምስት ዓመት አንድ ግቢ ያደሩ ውሾቻችን ናቸው። ጃክ አንገቱን አጥንቱ ላይ ደፍቶ ደረቀ። ቡቺም ባለበት ቀረ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ጭራቸው እንደ ዘንግ ቆሞ ጫፉ ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁና «እየተጫወቱ ነው» አልኩ። ጭራውን የቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ያለው እንዳልሆነ የተማርኩት በአውራ ጣቴ ነው።

ሲናከሱ ልገላግል እጄን መሃላቸው መስደዴ ጅልነት ነበር። ጠብ ውስጥ የገባ ውሻ የጌታውን እጅ ከባላንጣው ጆሮ አይለይም። የገላገለን ዘበኛችን ነው፤ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰባቸውና የቆርቆሮ ቁራጭ መሃላቸው ሰካ። ጣቴን በሳሙናና በቧንቧ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ውሾቹ የተከተቡ ቢሆኑም በእብድ ውሻ በሽታ አይቀለድም።

ጣቴስ ዳነ። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ጃክ ቡችላ ሳለ ሲበላ ቀርበነው ካጉረመረመ በነጠላ ጫማ እንለው ነበር፣ ስድ እንዳይሆን። ማጉረምረሙን ተወ። ለምግቡ መስጋቱን ግን አልተወም፤ ስለዚህ ያን ዕለት «ተው» ሳይል ነከሰ። ድምፁን የቀማነው እኛው ነን።

ጎረቤቶቼ «አለቃነት ነው፣ ይዋጣላቸው» ይላሉ። ይህ ወሬ ባብዛኛው የተነሳው የማይዛመዱ ተኩላዎችን አንድ አጥር ውስጥ ዘግቶ ከማጥናት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ያስፋፋው አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች በካናዳዋ ኤልዝሚር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. ራሱ አርሞታል፤ መንጋው ባብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ሆኖ ተገኘ። እኛ ግቢ ግን ሜች የሚሰማው የለም።

ከአጥንቱ ሌላ የሚያጣላቸው የውጭ በሩ ነው። የመንደር ውሾች ሲያልፉ ጃክ አፍንጫውን በበሩ ሥር ሰክቶ ያብዳል። ሊደርስባቸው ሲያቅተው ዞሮ ቡቺን ይነክሳል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ክፍተቱን በላሜራ ደፈንነው፣ ቀን ሙሉ ማሰሩንም ተውን፣ ጠዋት ጠዋት ዘበኛው በየተራ ያናፍሳቸዋል። ስለ ማኮላሸት የእንስሳት ሐኪም ጠይቄ ነበር፤ የወንዶቹን ፉክክር ሊያበርድ ይችላል፣ ፈርቶ ለሚናከስ ግን መድኃኒት አይደለም አለኝ።

ዘንድሮ አጥንቱን (ጥሬውን፤ የተቀቀለ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል) ለቡቺ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ለጃክ በር አጠገብ ሰጠናቸው። አክስቴም በረንዳቸው ላይ ሆነው ታዘቡን። መኪና ላወጣ በጃክ በኩል ሳልፍ ከጉሮሮው ወፍራም ድምፅ ወጣ፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌአለሁ። «እሺ ጃክ» አልኩና በጓሮ ዞርኩ።