የካርቦን ሒሳቡ ከማሳ ከጀመረ ጥቅሙም ወደ ማሳ ይመለስ

ደብረ ብርሃን ዛሬ የገብስ ገበያ ማዕከል ናት። ዳሽንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች በከተማዋ ይገኛሉ። ቦርትማልት የተባለው የቤልጂየም ኩባንያም በዓመት 60 ሺህ ቶን ብቅል የማምረት አቅም ያለው ፋብሪካ ተክሎባታል። ለአንድ ቶን ብቅል ወደ አንድ ቶን ከሩብ ገብስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ ፋብሪካ ብቻ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በዓመት 750 ሺህ ኩንታል ገብስ ይፈልጋል። ለባሶና ወራና፣ ለአንጎለላና ጠራ እና ለአንኮበር አርሶ አደሮች ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ከዕድሉ ጋር ግን አዲስ ጥያቄ እየመጣ ነው። የዓለም ቢራና ብቅል አምራቾች የራሳቸውን ጭስ ብቻ ሳይሆን የሚገዙት ጥሬ ዕቃ ሲመረት የሚወጣውን በካይ ጋዝ ጭምር ለመቀነስ ቃል እየገቡ ነው። ለምሳሌ ሄኒከን በ2021 እ.ኤ.አ. ከማሳ እስከ ጠጪው ያለውን ልቀት በ2040 ሚዛኑን ጠብቆ ዜሮ ለማድረስ ግብ አስቀምጧል። ስለዚህ «ገብሱን በምን አመረታችሁት?» የሚለው ጥያቄ ሰሜን ሸዋ መድረሱ አይቀርም። ወረዳዎቻችን ጥያቄው እስኪመጣ ሳይጠብቁ ከወዲሁ መዘጋጀት አለባቸው።

የሚለካው ነገር ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። ዋናው ማዳበሪያ ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ባወጣው ቀመር መሠረት፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ወደ 270 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዝን ሙቀት አማቂ ጋዝ ያስወጣል። ፋብሪካ ውስጥ ሲመረትና ሲጓጓዝ የሚወጣው ከዚህ ውጭ ነው። ውኃ የተኛበት ጥቁር መሬት ላይ ደግሞ ብክነቱ ይብሳል። ጋዝ ሆኖ የሚያመልጠው ናይትሮጅን አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ የገዛው ነው።

ሌላው አፈር ማጋየት ነው። ሣሩን ከነአፈሩ ከምሮ ማቃጠል በደጋው ለገብስ ሲባል ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ምርት ያማልላል። ይሁን እንጂ በአፈሩ የተከማቸው ካርቦንና ናይትሮጅን አብሮ ይነዳል፤ መሬቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለረጅም ጊዜ ጦሙን ያድራል። ኩበቱም ማሳ መግባት ሲገባው ምድጃ ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ ልቀትን የሚቀንሱት ሥራዎች በአብዛኛው የአርሶ አደሩንም ኪስ የሚጠቅሙ ናቸው። ውኃ ማጠንፈፍ፣ ዩሪያን ከፋፍሎ በወቅቱ መጨመር፣ ገብስን ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ኩበቱ እንዲተርፍ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም ይቻላል። ከልክ ያለፈ ዩሪያ የገብሱን ፕሮቲን ከፍ አድርጎ ለብቅል የማይመች ስለሚያደርገው፣ ልኩን ማወቅ ጥራትንም ይጠብቃል።

«ከዓለም ጭስ የእኛ አርሶ አደር ድርሻ ስንት ሆኖ ነው?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህም የመለኪያውን ወጪ መሸከም ያለበት ቁጥሩን የሚፈልገው ገዥ እንጂ አርሶ አደሩ አይደለም። ነገር ግን መዝገብ ከሌለን ገዥው ከሌላ ቦታ የተወሰደ አማካይ ቁጥር ይጽፍብናል። ያን ጊዜ ኮምፖስት ያዘጋጀውና ያላዘጋጀው እኩል ይቆጠራሉ።

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ከአሁኑ መያዝ አለባቸው። አንደኛ፣ መዝገቡ በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በዩኒየኑ እጅ ይሁን። የማሳ ስፋት፣ የማዳበሪያ መጠንና ጊዜ፣ የቀደመው ሰብልና የተገኘው ምርት በአንድ ገጽ ይበቃል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያግዝ፤ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም ቁጥሩን ከደጋው አፈር ጋር ያገናዝብ።

ሁለተኛ፣ ጥቅሙ በውል ይጻፍ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ለዚህ መሠረት ይሆናል። ልቀቱን ለቀነሰ አርሶ አደር የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ወይም የሚሰጠው ምርጥ ዘር በቃል ተስፋ ሳይሆን በፊርማ ይታሰር።

ሦስተኛ፣ የውርጭ ዓመት ለብቻው ይታይ። ሒሳቡ በኩንታል ስለሚሠራ፣ እኩል ማዳበሪያ ከተጠቀሙ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ 40፣ ውርጭ የመታው ሌላው 20 ኩንታል ቢያገኙ፣ በሁለተኛው ገብስ ላይ በኩንታል እጥፍ ካርቦን ይጻፋል። በአንድ ዓመት ቁጥር ሰውን ከገበያ ማስወጣት በደል ነው። ቢያንስ የሦስት ዓመት አማካይ ይወሰድ። የአንኮበር የበልግ ገብስና የባሶና ወራና የመኸር ገብስም በአንድ ሚዛን አይመዘኑ።

የቦርትማልት ባለቤት አክሴሬያል የተባለ የፈረንሳይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ገበሬ ተደራጅቶ ፋብሪካ መግዛት ከቻለ፣ የእኛም ማኅበራት ተደራጅተው የራሳቸውን መዝገብ መያዝና በዋጋ መደራደር አያቅታቸውም። የወረዳ አመራሮች ከዘር ወቅት በፊት ማኅበራቱንና ፋብሪካዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡ፤ በአንድ ቀበሌ ኩታ ገጠም ማሳ ላይም ይጀምሩ።