የሞት መስመርና እኛ

በግቢያችን ከሚነገሩት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እንደ «ዴድላይን» ብዙ ጊዜ የሚነሣ ያለ አይመስለንም። ትምህርት ተጀምሮ ሳምንት ሳይሞላው መምህሩ በሰሌዳው ጥግ ይጽፈዋል፤ እኛም በደብተራችን ላይ ሁለት ጊዜ አስምረንበት ወደ ሻይ ቤት እንሄዳለን። ቃሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የወለዱት ነው፤ አንዱ «ሙት»፣ ሁለተኛው «መስመር»። መስመር እንዴት ይሞታል ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማንም።

እንግሊዞች የማይንቀሳቀሰውንም ነገር ሙት ይሉታል፤ እኛስ ብንሆን ገበያው ሞተ እንል የለም? ስለዚህ ዓሣ አጥማጆች ውኃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጠውን ገመድ በዚሁ ስም ጠርተውታል። ይህኛው ምንም የማይጎዳ ስም ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ዴድላይን ግን ዘሩ ከሌላ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የደቡቡ ወገን ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል በተባለ ስፍራ የምርኮኞች እስር ቤት ከፈተ። ከግንዱ አጥር ወደ ውስጥ 6 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ዝቅ ያለ የእንጨት አግዳሚ ተዘርግቶ ነበር። ያን ያለፈ ምርኮኛ ከማማው ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ይተኮስበታል። «የሞት መስመር» የተባለውም ይህ ነው። በግቢው መካከል አንድ ጅረት ያልፋል፤ ከቆሻሻው ሸሽቶ የተሻለ ውኃ ሊቀዳ ከአግዳሚው ሥር እጁን የዘረጋ ሰው እንደ ወጣ ይቀር ነበር። አዛዡ ሄንሪ ዊርዝ ከጦርነቱ በኋላ ተከሶ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1865 ዋሽንግተን ላይ ተሰቀለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መስመሩን ብቻ በረገምን ነበር። ነገር ግን እስር ቤቱ የታሰበው ለ10,000 ሰው ያህል ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ከ30,000 በላይ ታጉሮበታል። በጠቅላላው ከገቡበት 45,000 ያህል ምርኮኞች 13,000 የሚጠጉት ሞተዋል። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት አይደለም፤ ተቅማጥ፣ ረኀብና የቆሸሸ ውኃ ነው። መስመሩን ሳያልፉ፣ ከመስመሩ ወዲህ ሆነው ሞቱ።

ቃሉ ከዚያ ወጥቶ ብዙ ዞረ። በ1880 የኒውዮርክ ፖሊስ ሹም ቶማስ በርንስ ባንኮቹን ለመጠበቅ ሲል የታወቁ ሌቦች እንዳያልፉት በአንድ መንገድ ላይ የሞት መስመር ደነገገ። አታሚዎች ደግሞ በማተሚያ መኪና ላይ ፊደሉ ካለፈው የማይታተምበትን ምልክት እንዲሁ አሉት። (ስቴንስል የመታ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ዳሩን ካለፉ ቃሉ ግማሹ ይቀራል።) በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ከቦታ ወደ ሰዓት አዛወሩት፤ ደሙም ታጥቦ እኛ ዘንድ ደረሰ።

በአማርኛ «ቀነ ገደብ» የሚል ቃል አለን፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ያሳዝናል፤ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ርኅራኄ አለበትና። በፍርድ ቤት «በገደብ ተለቀቀ» የተባለ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገደብ ያስራል፣ ገደብ ይፈታል። የሞት መስመር የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ቃሉን ብንለውጥ ፔፐሩ ይቀርልናል ማለታችን አይደለም፤ የመጨረሻ ቀን የሌለው ሥራ እንደማያልቅ እኛም እናውቃለን። የምንለው ሌላ ነው። ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንድ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ ሲኖር፣ እሱንም ለሁለት ሰዓት ብቻ ተዋሱ ሲባል፣ ዘገያችሁ ተብሎ የሚቀነሰው ማርክ የሚቆጥረው መስመሩን ያለፉትን እንጂ ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ችግር አይደለም። መጽሐፉ ቀድሞ የደረሰው ተማሪ ትጉህ ይባላል፣ በስልሳኛ ተራ የደረሰው ሰነፍ። አንዳንድ መምህራን ይህን አይተው ቀኑን ያራዝማሉ፤ እናመሰግናቸዋለን፤ ነገር ግን የአንዱ ደግነት የሌላውን ክፍል አያድንም።

ስለዚህ ማኅበሩ ለየፋኩልቲው አንድ ጥያቄ ያቅርብልን። ቀኑ በሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት የመጽሐፉ ቅጂ ስንት እንደ ሆነ ይቆጠር፤ ቁጥሩም ከቀኑ አጠገብ ይጻፍ።