መሬቱ ከተሜ ሆነ፤ ገበሬውስ?

በጎጃም በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ይህንን የዘነጉ ሹማምንት በ1960 ዓ.ም. በሚገባ ተምረውታል። የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀና ገማቹ ብቅ ሲል፣ ዳሞቱም ሞጣውም ብቸናውም «ዛሬ የለካኝ ነገ ይነቅለኛል» በሚል ስጋት ነፍጡን አነሳ። ጃንሆይ ጦር ላኩ፣ አውሮፕላንም ላኩ፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንስተው ነገሩን ማብረድ ግድ ሆነባቸው።

የዛሬው ቀያሽ ገመድ አይጎትትም። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን በቆሎው መሃል ያቆማል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ካስማ ተክሎ ይሄዳል። ከዚያች ካስማ ወዲህ ማሳው ማሳ አይደለም፤ «የከተማ ክልል» ነው። ገበሬው ግን ያው ገበሬ ነው። ለመሆኑ መሬቱ ከተሜ ሲሆን ባለመሬቱ ለምን አብሮ ከተሜ አይሆንም?

የማወራው ስለ ቡሬና ስለ ፍኖተ ሰላም ዳርቻ ነው። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጡ፣ በቆሎና በርበሬ የሚታፈስባቸው አገሮች ናቸው። ቡሬ ላይ ደግሞ መንገዱ ተገንጥሎ ወደ ነቀምት ይወርዳል። መንገድ ባለበት ነጋዴ አለ፤ ነጋዴ ባለበት መጋዘን፤ መጋዘን ባለበት ሰፈር። በዚህ ላይ ሽቅብ ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት ያለው ወጣት የሚያርሰው ቁራሽ ሲያጣ ሥራ ፍለጋ ወደነዚህ ከተሞች ይወርዳል። ክፍል ይከራያል። ክፍሉን ማን ይሠራለታል? የከተማው ዳር ገበሬ። እንዲህ እንዲህ እያለ በቆሎው መሃል ቆርቆሮ ይበቅላል።

አዲስ አበቤ «ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ነው» እንዳይል። የሚኖርበት ጀሞ፣ ለቡ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ ሁሉ ትናንት የሚታረስ አገር ነበር። ሲኤምሲ የምንለው እንኳ የአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ምህጻረ ቃል ነው። የተቋራጩ ስም የሰፈር ስም ሆኖ ሲቀር የአራሹ ስም የት ገባ?

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ግሩም! ታዲያ በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምን አለ? ለሕዝብ ጥቅም ከተፈለገ ይነሳ፤ ካሳውም ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ ይሰጠው አለ። ልብ በሉ፣ የሚከፈለው የሰብሉ ዋጋ ነው እንጂ የመሬቱ አይደለም። መሬቱማ «የሕዝብ» ነው!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ምሳሌ ነው፤ ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ ቀያይሩት። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ገበሬው ከዚያ ላይ በዓመት 10,000 ብር ያገኛል እንበል። በ10 ሲባዛ 100,000 ብር። ለካሬ ሲካፈል 40 ብር! በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ አሻሻልኩ ብሎ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ይባዛ አለ። እሺ፣ 60 ብር ሆነች። ያቺው ካሬ ለሊዝ ጨረታ ስትቀርብ ስንት ታወጣለች? ጨረታ ገብቶ የሚያውቅ አንባቢ ይመልስልኝ። በመሃል ያለው ልዩነትስ የማን ነው?

«መንገዱን፣ ውኃውን፣ መብራቱን የዘረጋነው እኛ ነን» ይሉናል። እውነት አላቸው። ወጪያቸውን ይቀንሱ። ከዚያ የተረፈውን ግን በአደባባይ ይንገሩን።

ቡሬ ላይ ለተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ መሬት ሲወሰድ የሚሠራበት ያ የ1997ቱ ሕግ ነበር። ፓርኩን አልጠላም። በ2013 ዓ.ም. እዚያው ቡሬ የተመረቀውን የዘይት ፋብሪካም አልጠላም፤ ዘይት ማን ይጠላል? ነገር ግን ያኔ ካሳውን ተቀብሎ ባንክ ያስቀመጠ ሰው፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ተብሎ ከተለቀቀ ወዲህ ደብተሩን ገልጦ ይየው። በሬ ብሎ ያስቀመጠው ብር ዶሮ ሆኖ ይጠብቀዋል።

«ካሳውን ጠጥቶ ጨረሰው» የሚሉም አሉ። ዕድሜ ልኩን ክረምቱ ቢከፋ እንኳ ዘሩን ከቀለቡ ለይቶ ያኖረ ሰው በአንድ ቀን አባካኝ ሆነ? ቁጠባማ ያውቃል፤ ያጣው የሚዘራበትን ነው። ነገ እወርሳለሁ ያለው ልጁ፣ እኩል ያርስ የነበረው ጎረቤቱማ በካሳው መዝገብ ላይ ስማቸውም የለ።

አይ የዚህ ገበሬ ነገር፣ ስንቱን አየ! በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲደለደል «ቢሮክራሲ» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ሁሉ ከ4 ጥማድ በላይ አይገባህም ተብሎ ተቀማ። አቤት ሊል አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ማን ሰማው? ኋላ ደግሞ የይዞታ ደብተር ታደለና «አሁን ዋስትና አገኘህ» ተባለ። ደብተሩ ከድንበር ገፊ ጎረቤት ያስጥለው ይሆናል፤ ከካስማው ግን አያስጥለውም።

ስለዚህ ምን ያደርጋል? ካስማው ሳይደርስ ይሸጣል። ውሉ ላይ «ሸጥኩ» አይባልም፣ ሕግ ይከለክላላ! «በስጦታ ሰጠሁ»፣ «ተበደርኩ» ይባላል። ገዢው መምህር ነው፣ ነርስ ነው፣ ከዓረብ አገር ላቧን ቋጥራ የተመለሰች እህታችን ናት። ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይቆማል። ዶዘሩ የመጣ ቀን ሻጭም ገዢም «ሕገ ወጥ» ናቸው። እኔ ግን ሻጩን ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። ካሬውን በ40 ብር ከመነጠቅ በጨረቃ መሸጥን ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

ማዘጋጃ ቤቶቹን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ግድግዳቸው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይለጥፉ። በአንዱ ለገበሬው በካሬ የከፈሉትን፣ በሌላው በካሬ በሊዝ ያስተላለፉበትን ይጻፉ። ከልዩነቱም ላይ ለተነሺው ቤተሰብ ድርሻ በሕግ ይቆረጥለት። የመኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሱቅ ቦታም ከገዛ ማሳው ላይ ቀድሞ ይሰጠው፤ ልጁ በአባቱ መሬት ላይ በተሠራው መጋዘን በር ከማለዳ ጀምሮ የቀን ሥራ ወረፋ ከሚጠብቅ።