የሠርግ ካሴታችንን ለምን እንጥላለን?

«ዲጂታል ከአናሎግ ይበልጣል» የሚለው ቃል ዛሬ በወጣቱ ሁሉ አፍ ይገኛል። የትኛው ዲጂታል ከየትኛው አናሎግ እንደሚበልጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአቀስታም ሆነ በመካነ ሰላም ያባትና የናቱን ሠርግ በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ያኖረ ቤት አይጠፋምና፣ ነገሩ ለእኛ የሻይ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው ካሴቱን በቪ.ሲ.ዲ. አስገልብጦ ዋናውን ጥሎታል። ይህ እንደ አስተያየታችን ችኮላ ነው። ፓል በተባለው፣ አገራችን በምትከተለው ሥርዓት፣ ሥዕሉ በሰከንድ 50 ግማሽ ሥዕል ሆኖ ይመጣል፤ ካሴቱም 50ውን ሁሉ ይይዛል። ቪ.ሲ.ዲ. ግን 25 ሥዕል ብቻ፣ እያንዳንዱንም በ352 በ288 ነጥብ አጥብቦ ይቀበላል። ሙሽሮቹ ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ ልዩነቱ አይታወቅም። እስክስታው ሲጀመር ግን ጉዱ ይወጣል፤ የወሎ ሰው ትከሻ የሚፈጥነውን ያህል ዲስኩ መከተል ስለማይችል፣ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ቁራጭ ይበታተናል። በካሴቱ ላይ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ትከሻው ትከሻ ነበር!

ዲ.ቪ.ዲ. ይህ ነቀፌታ አያገኘውም። 720 በ576 ነጥብ ይዞ 50ውንም ግማሽ ሥዕል ስለሚያኖር፣ በደንብ ከተገለበጠ ካሴቱ ያለውን ሁሉ ይሸከማል። አዲስ ፊልም በቤቱ ለሚያይ ሰው ደግሞ ከዲጂታል ጋር የሚወዳደር ካሴት የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ፣ ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሲደበዝዝ የዲጂታሉ ቅጂ ግን እንደ ዋናው መሆኑ ነው። (ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት በእኛ ዴክ አልታይ ያለው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቁን፦ የዚያ አገር ሥርዓት ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ስለሆነ ነው እንጂ ካሴቱ ተበላሽቶ አይደለም።)

ጊዜው ግን አይጠብቅም። የካሴት ክር በደጋ ክረምት እርጥበት ይሻግታል፤ የቪዲዮ ዴክ በመሥራት የመጨረሻው የነበረው የጃፓን ኩባንያ ፉናይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል። ያለው ዴክ ያረጀው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ተማሪም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ካሴቱን ይዞ ሲመጣ አስገልባጩን «ስንት ብር?» ከማለቱ በፊት «50ውን ግማሽ ሥዕል ትይዛላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሲጨርሱም ካሴቱን ተቀብሎ ይመለስ።