በሶ ያሳፍራል ያለው ማነው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ በሶ ነው። «መምህር ደግሞ ምን ነካው» እንዳትሉ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ሰሞኑን ፌስቡኩ ሁሉ «ቤት ውስጥ የሚሠራ ኢነርጂ ባር» ሆኗል። የታሸገ አጃ፣ ቴምር፣ ለውዝና ማር ተለውሶ፣ ተጠፍጥፎ፣ በቢላ ተቆርጦ በወረቀት ይጠቀለላል። ጥሩ ምግብ ነው፣ አልነቅፍም። የሚያናድደኝ ያንን ቪዲዮ «ዋው» እያለ ሼር የሚያደርገው ሰው፣ የገጠር ልጅ ከቦርሳው የበሶ ጭብጦ ሲያወጣ መሳቁ ነው። ሁለቱ እኮ ወንድማማች ናቸው! የተዘጋጀ እህል፣ ቅባት ያለው ፍሬ፣ ማር። የሚለያዩት በወረቀቱ ነው።

ይሄ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። እዚህ አርብ ገበያ ሁለተኛ ደረጃ ከሚማሩት ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው። ገሚሱ በእግሩ እየተመላለሰ ይማራል፣ ገሚሱ ቤት ተከራይቶ እናቱ በላከችለት ስንቅ ይኖራል። ታች ጋይንት ሴፍቲኔት ያለበት ወረዳ መሆኑን ታውቃላችሁ። አምስተኛ ፔሬድ ላይ ጠመኔ ይዤ ስገባ ዴስኩ ላይ የተደፋ ልጅ አያለሁ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ርቦት ነው። የሚያሳዝነው በሶው ኪራይ ቤቱ ተቀምጧል። «ባላገር» እንዳይሉት ፈርቶ ነው ትቶት የሚመጣው። ሳንቲም ካለው ብስኩት ይገዛል፣ ከሌለው ጦሙን ይውላል።

ብስኩቱ ምንድነው? በአብዛኛው የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። ያታልላል እንጂ አያቆይም። አንዳንዱ ወተት አለበት። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ረቡዕና አርብ የሚጾመው ልጅ ሳያውቅ ይገድፋል።

በሶ ደግሞ ገብስ ነው፦ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ያለቀ። እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሰው ከያዘው ስንቅ አንዱ ነበር። አጃን ያስወደደው ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር ገብስም ውስጥ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 የአጃ አምራቾች፣ በ2006 ደግሞ የገብስ አምራቾች «የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል» ብለው ማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉ ፈቅዷል። እኛ ገብስ ማሳ ውስጥ ሲናር እያልን የምንነቅለውም እኮ የአጃ ዘመድ ነው!

ሌላው ዓለም በበሶው አያፍርም። ቲቤቶች የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ ለውሰው በእጃቸው እየጨበጡ ይበላሉ። የስፔን ግዛት የሆኑት የካናሪ ደሴቶች ሰዎች የተቆላ እህል ዱቄታቸውን «ጎፊዮ» ይሉታል፤ ከማርና ከለውዝ ጋር አሽተው ይቆርጡታል፣ ስሙንም በአውሮፓ ኅብረት አስመዝግበው ያስጠብቁታል። የእኛው በሶ ግን ቦርሳ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

«ዘመናዊ ካልሆነ ልጆቹ አይበሉትም» የምትሉ፣ እንኩ ዘመናዊ፦ ሦስት እጅ በሶ፣ አንድ እጅ ተቆልቶ የተወቀጠ ለውዝ ወይም ኑግ፣ ትንሽ የተቆላ ተልባ፣ ቁንጥር ጨው። ማር ለብ አድርጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ስትጨብጡት ከተያያዘ በቃው። ትሪ ላይ ጠፍጥፉት፣ ሲጠነክር በቢላ ቁረጡት። ዘቢብ ካገኛችሁ ጨምሩበት። ሙዝ ካስገባችሁ ግን የዚያኑ ቀን ይበላ። ለፍስክ በማሩ ፈንታ ንጥር ቅቤ ካደረጋችሁት ጭኮ ሆነ ማለት ነው።

«ማር ማን ይችለዋል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ተወዷል። በውኃ፣ በጨውና በበርበሬ የታሸ ጭብጦም ልጁን እስከ መጨረሻው ፔሬድ ያደርሰዋል። የጎደለው ማር ሳይሆን ክብር ነው።

ብስኩት ይታገድ አላልኩም። የምለው ይሄ ነው፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ሱቅና ሻይ ቤት ከብስኩቱ ጎን በሶና ቆሎ ይሽጥ። ሠርተው የሚያቀርቡ የሰፈር እናቶች አይጠፉም፣ ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል። በስንቅ ላይ የሚያሾፍ ተማሪ እንደማንኛውም ተሳዳቢ ይገሠጽ። የሚያሾፍ መምህር ካለ ደግሞ እሱ ይባስ ይፈር።

ተማሪዎቼ፣ ፊደል ስንቆጥር ያወቅነው አበበ እንኳ ምን እንደሚበላ አገር ያውቃል፣ አላፈረም። እናታችሁ እሳት ዳር ተቀምጣ የቆላችውን አውጥታችሁ፣ ለጓደኛችሁም ቆርሳችሁ ብሉ። የሚስቅ ካለ በባዶ ሆድ ይሳቅ!

በየትምህርት ቤታችሁ እንዴት እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለመምህራን ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉት።